የድሮ ግጥም ሲገጥማችሁ፦ ቀለሙን መቁጠር፣ ቤቱን መለየት፣ ቅርጹን ማየት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ግጥም ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ምጣኔውን አውጡ» አሉን፤ የየስንኙን ልክ ቁጠሩ ማለታቸው ነው። እኔም ጣቴን እያስኬድኩ ፊደሉን ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ 17 ሆነ። ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛውም 18፣ የመጨረሻው 16። «ግጥሙ አልተመጠነም» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ተሰጠኝ። ዜሮው ይገባኝ ነበር፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ግን ማንም አልነገረኝም። ግጥሙ ይኸው፦

ገደልን እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው፣
ማረክን እንዳይሉ ሰው የለ በእጃቸው፣
ምን አሉ እንግሊዞች ሲገቡ አገራቸው፣
ለወሬ አይመቹም ተንኮለኛ ናቸው።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሽጉጥ ጠጥተው ሲያልፉ የተገጠመ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባው ላይ ሲወጣ ያገኘው ሬሳቸውን ነው። ግጥሙ በቃል የወረደ ስለሆነ እዚህም እዚያም ቃሉ ይለያያል። የእኔ ይሄ ነው። እስከ መጨረሻው በእሱ እንሥራ።

መጀመሪያ ስለ ስሞቹ

አንዱ መስመር ስንኝ ይባላል። ስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ የምንወስድበት ቦታ አለ፤ ከትንፋሹ ወዲህና ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ክፍል ሐረግ ነው። አብረው የሚቆሙ ስንኞች ስብስብ አርኬ ነው። ቀለም የምንለው ደግሞ አፍ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው የድምፅ ቁራጭ ነው። ፊደል አይደለም። ይህቺን ያዙልኝ፤ የዜሮዬ ምክንያት እሷ ናት።

«ቤት» የሚለው ቃል ትንሽ ያስቸግራል። ስንኞቹ የሚዘጉበት ተመሳሳይ ድምፅ ቤት ይባላል፤ «ቤት መታ»፣ «ቤት ደፋ» የምንለው ለዚህ ነው። የግዕዝ ቅኔ ሰዎች ግን ራሱን መስመሩን ቤት ይሉታል። የምጣኔ ዓይነትም «ወል ቤት» እየተባለ ይጠራል። አንድ ጽሑፍ ላይ «ቤት» ስታዩ ከሦስቱ የቱን እንደሆነ ቀድማችሁ ለዩ።

ግጥሙን በአፍ ጻፉት

ግጥሙን ሁለት ጊዜ ጻፉት። አንዴ እንደተጻፈው፣ አንዴ ደግሞ አፋችሁ እንደሚለው። ሁለተኛውን ለመጻፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ግድ ነው። በልብ ማንበብ እዚህ ላይ አይሠራም። ሰው እንዳይሰማችሁ ካፈራችሁ በር ዝጉ።

ግጥሙን ያገኛችሁት ብራና ላይ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ የብራና ጽሑፍ ግጥምን እንደ ዝርው አያይዞ ነው የሚጽፈው። ስንኙ የት እንደሚያልቅ የሚነግራችሁ የለም። ያኔ ቤት የሚመታውን ድምፅ እያሳደዳችሁ መስመሩን ራሳችሁ ትሰብራላችሁ።

ቀለም መቁጠር

ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉ ፊደላት፣ ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ ብ፣ ል ያለው) ሲቀር፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ናቸው። ገ አንድ፣ ቡ አንድ፣ ላ አንድ። እዚህ ላይ ችግር የለም። ጣጣው ሁሉ ያለው ሳድስ ላይ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ትሰማለች፣ አንዳንዴ ትዋጣለች። ስትሰማ ትቆጠራለች። ስትዋጥ ከፊቷ ባለው ፊደል ላይ ተለጥፋ አብራው ትሄዳለች።

«ትምህርት» በሉ። ፊደሉ አምስት ነው። አፋችሁ ያለው ግን ትም-ህርት ነው፤ ሁለት ቀለም።

መቼ ትሰማለች፣ መቼ ትዋጣለች? የምጠቀምበት ልማድ ይሄ ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ ያለች ሳድስ ትሰማለች፦ ል-ጆች። አናባቢ ካለው ፊደል ቀጥላ የመጣች አብዛኛውን ጊዜ ትዋጣለች፦ መቅ-ደ-ላ። ቃል መሐል ላይ ሁለት ሳድስ ተከታትለው ሲመጡ የፊተኛዋ ከተዋጠች የኋለኛዋ ትሰማለች። «እንግሊዞች» ላይ ን ተዋጠች፣ ግ ተሰማች፦ እን-ግ-ሊ-ዞች። ሳድሷ ከጠበቀችም ትሰማለች። «የምሄድ» ስንል ም ጠብቃለች፤ ስለዚህ የ-ም-ሄድ፣ ሦስት ቀለም።

ቃል መጨረሻ ላይ ሁለት ሳድስ ሲገናኙ ግን ሕግ አትፈልጉ፣ ጆሯችሁን ስሙ። «ልብስ» ላይ ብ አትሰማም፣ ቃሉ አንድ ቀለም ነው። «ገደልን» ላይ ግን ል ትሰማለች፦ ገ-ደ-ልን። «ማረክን»ም እንደዚያው፦ ማ-ረ-ክን።

መጥበቅና መላላት ሌላ ጊዜ ቁጥሩን አይነካውም። «አለ» ጠበቀም ላላም ሁለት ቀለም ነው። ትርጉሙን ግን ይለውጠዋል፤ የድሮ ግጥም ላይ ደግሞ ወርቁ፣ ማለትም የተሸሸገው ትርጉም፣ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ስንኝ እንቁጠር፦

ገ-ደ-ልን-እን-ዳይ-ሉ (6) ሞ-ተው-አ-ገ-ኟ-ቸው (6)

አሥራ ሰባቱ ፊደል አሥራ ሁለት ቀለም ሆነ። አራተኛውን ደግሞ፦

ለ-ወ-ሬ-አይ-መ-ቹም (6) ተን-ኮ-ለ-ኛ-ና-ቸው (6)

አሥራ ስድስቱም አሥራ ሁለት። ይሄ ስድስት በስድስት ምጣኔ ወል ቤት ይባላል። የለቅሶው፣ የፉከራው፣ የዘፈኑ ግጥም ብዙው በእሱ ነው። ስሙም የወል፣ የጋራ ማለት ነው።

የሚያስቸግሩት ስንኞች

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንደተጻፉ ስትቆጥሯቸው አይስማሙም።

ማ-ረ-ክን-እን-ዳይ-ሉ (6) ሰው-የ-ለ-በ-እ-ጃ-ቸው (7)
ምን-አ-ሉ-እን-ግ-ሊ-ዞች (7) ሲ-ገ-ቡ-አ-ገ-ራ-ቸው (7)

ተራ ሰው ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ግን «በእጃቸው» አይልም። «በጃቸው» ነው የሚለው። «አሉ እንግሊዞች» ሲልም «አሉንግሊዞች» ብሎ ያያይዘዋል። «ሲገቡ አገራቸው» ፈጠን ሲባል «ሲገባገራቸው» ይሆናል። ሁለት አናባቢ አፍ ለአፍ ሲገጥሙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። እንዲህ ስትቆጥሩት ሦስቱም ሐረግ ስድስት ይገባል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ስድስት እንዲመጣ ስለፈለጋችሁ ብቻ ከዋጣችሁ፣ የፈለጋችሁትን ነው ያረጋገጣችሁት። በዚያ አያያዝ የጋዜጣ ዜናም ወል ቤት ይሆናል። እኔ የምከተለው ዘዴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ምንም እርዳታ ሳይፈልጉ የሚስማሙትን ስንኞች ፈልጉ። እዚህ አንደኛውና አራተኛው ናቸው። ያለ መዋጥ ያለ መሳብ ስድስት በስድስት መጡ። ምጣኔውን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ሌሎቹን በእነሱ ትዳኛላችሁ። ሳይረዳ የሚስማማ ስንኝ አንድም ካላገኛችሁ ምጣኔው ሌላ ነው፤ ወይም ግጥሙ ተበላሽቶ ነው የደረሳችሁ።

መዋጡ ሁልጊዜ አይሠራም። «ለወሬ አይመቹም» ላይ ሬ እና አ ተገናኝተዋል፤ ግን አልተዋጡም። ሁለቱም ተቆጥረዋል። ለምን ብትሉኝ፣ አፌ እዚያ ላይ አይቸኩልም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከወል ቤት ሌላ

ሁሉ ነገር ስድስት አይደለም። «ቡሄ በሉ፣ ልጆች ሁሉ» ብላችሁ አጨብጭቡ፤ አራት በአራት ነው። ምጣኔውም በዚሁ ስም ቡሄ በሉ ይባላል። ሰንጎ መገን የሚባለው ደግሞ አምስት በአምስት ነው። «ደጅሽ ላይ ቆሜ ዝናቡ መታኝ» (የራሴ ነው፣ አትሳቁ)፦ ደ-ጅሽ-ላይ-ቆ-ሜ፣ ዝ-ና-ቡ-መ-ታኝ። ሰንጎ መገን ከወል ቤት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይላል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ጠረጴዛ ብትመቱ ልዩነቱ ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል።

ግጥሙ ግዕዝ ከሆነ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ቅርጹ የሚታወቀው በቤቱ ብዛት፣ ማለትም በመስመሩ ነው፣ መለኪያውም ዜማው ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። በአምስት በአምስት መስመር እየሄደ እያንዳንዱ አርኬ «ሰላም» ብሎ ከጀመረ መልክእ ይዛችኋል ማለት ነው። ከዚህ ያለፈውን የቅኔ ቤት ሰው ጠይቁ። በዚህ መመሪያ የሚዘለቅ አይደለም።

ትንፋሹ የት ነው?

ስድስተኛው ቀለም ላይ ቃል ማለቁን አረጋግጡ። በእኛ ግጥም «እንዳይሉ»፣ «እንዳይሉ»፣ «እንግሊዞች»፣ «አይመቹም» ላይ ያልቃል። አራቱም ንጹሕ ነው፤ ቃል መሐሉ ላይ የተሰበረ የለም። አንድ ስንኝ ላይ ቃል ከተሰበረ ወይ ቆጠራችሁ ተሳስቷል ወይ ገልባጩ አንድ ነገር ጥሏል።

ሐረጎቹ ምን እንደሚሠሩም እዩ። አንደኛውና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፊተኛው ሐረግ ሊባል የሚችለውን ይዟል፦ «ገደልን»፣ «ማረክን»። ኋለኛው ሐረግ አፍ ያስይዛል። ሦስተኛው ስንኝ ይጠይቃል፣ አራተኛው ይመልሳል። ትንፋሹ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክርክሩ የሚታጠፍበት ማጠፊያ ነው።

ቤቱን መለየት

የየስንኙን የመጨረሻ ቀለም አውጡ። ቸው፣ ቸው፣ ቸው፣ ቸው። አንድ ዓይነት ቤት የሚመቱትን በአንድ ፊደል ምልክት አድርጉባቸው፤ እኛ ጋ ሀሀሀሀ ይሆናል። ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚሄዱ ግጥሞች ሀሀለለ ይሆናሉ።

ቤት የጆሮ ነው። «ነገሠ» እና «ደረሰ» በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ ቢጻፉም ሙሉ ቤት ይመታሉ። ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም እንደዚያው። ስንኙ በሳድስ ሲያልቅ ደግሞ ከሳድሷ በፊት ያለውን ፊደል እዩ። «አገር» እና «ነገር» ያምራል። «አገር» እና «ሳር» ግን ር ብቻ ነው የሚያገናኛቸው፤ ጆሮ ቅር ይለዋል።

ቀጥሎ የቤቱን ጥልቀት ለኩ። ከመጨረሻው ቀለም አንድ ወደ ኋላ ሂዱ። ኟ-ቸው፣ ጃ-ቸው፣ ራ-ቸው፣ ና-ቸው። አራቱም ራብዕ ድምፅ ናቸው። ቤቱ አንድ ቀለም ሳይሆን ሁለት ቀለም ያህል ጠልቋል። ከዚያው ዘመን ሌላ ታዋቂ ግጥም ጋር አስተያዩት፦

በመቅደላ አፋፍ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እዚህ ቤቱ ተ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት አንዱ ጋ ከ፣ ሌላው ጋ ሞ ነው ያለው። አይገናኙም። ይሄ ድካም አይደለም፤ ለጆሮ ይበቃል። እንዲያውም «ሞተ» ብቻዋን ዱብ እንድትል አድርጓታል ባይ ነኝ።

የሁለተኛውን ስንኝ ኋለኛ ሐረግ ቁጠሩልኝ እስኪ። ወንድ፣ አንድ፣ ሰው፣ ሞ፣ ተ። አምስት። አንድ ይጎድላል? አይጎድልም። «አንድ ሰው» ስትሉ ን፣ ድ እና ስ ሦስቱ ይጋፋሉ፤ አፍ ደግሞ ሦስት አይችልም። ድ ትንሽ ድምፅ ታገኛለች፦ ወንድ-አን-ድ-ሰው-ሞ-ተ። ስድስት። በዓይን የጎደለውን አፍ ሞላው።

ቤቱ የተገኘው ከየት ነው?

አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን በግስ ስለሚዘጋ ቤት መምታት ይቀለዋል። ስለዚህ ቤቱ መምታቱን ብቻ አይታችሁ አትደነቁ፤ በምን ቃል እንደመታ ጠይቁ። «አገኟቸው» ግስ ነው። «እጃቸው» እና «አገራቸው» ስም ናቸው። «ናቸው» ነባር ግስ ነው። አራት ጊዜ አንድ ዓይነት ግስ ቢደረድር ኖሮ ሥራው ርካሽ ይሆን ነበር።

ከዚያ ቃል የተገለበጠበትን ቦታ ፈልጉ። በተራ ንግግር «በእጃቸው ሰው የለ»፣ «አገራቸው ሲገቡ» ነው የምንለው። ሁለቱም ቤት ለመምታት ተገልብጠዋል። ሁለተኛው መገልበጥ ለምጣኔውም ጠቅሟል። «አ-ገ-ራ-ቸው-ሲ-ገ-ቡ» ብሎ ቢተወው ሰባት ነው፣ የሚዋጥበት ቦታም የለውም። ሲገለብጠው ቡ እና አ ተገናኙ፣ ተዋዋጡ፣ ስድስት ሆነ። የገጠመው ሰው ይህን በጣቱ ቆጥሮ ያደረገው አይመስለኝም። አፉ ነው የመራው።

የተለያየ ቃል ሲመጣባችሁ

የመቅደላውን ግጥም አንዱ «በመቅደላ አፋፍ» ይላል፣ ሌላው «በመቅደላ በኩል»፣ ሌላው «መቅደላ አፋፉ ላይ»። የቱ ነው ትክክል? ቁጠሩ። በ-መቅ-ደ-ላ-አ-ፋፍ፣ ስድስት። በ-መቅ-ደ-ላ-በ-ኩል፣ ስድስት። መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ፣ ላ እና አ ተውጠው ስድስት። ሦስቱም ያልፋሉ። ምጣኔው ቃሉን አልጠበቀም፤ የቃሉን ልክ ነው የጠበቀው። በቃል የሚወርድ ግጥም እንዲህ ነው፣ ጡብ እየተለወጠ ግድግዳው ይቆማል። ምጣኔ የትኛው ቃል ቀድሞ እንደነበረ አይነግራችሁም። የማይገባውን ቃል ግን ያጋልጣል። አንድ ሰው «በመቅደላ አምባ አፋፍ ላይ» ብሎ ቢያመጣላችሁ፣ ሳትከራከሩ ቁጠሩለት።

ምጣኔ ታሪክም አይመሰክርም። «ሰው የለ በእጃቸው» የሚለው ሐረግ ልኩን ይዞ ቤቱን መቷል። እንግሊዞች ግን የንጉሡን ልጅ ዓለማየሁን ይዘው ሄደዋል። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጡት

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ለየስንኙ አንድ መስመር ያዙ። በየመስመሩ ቀለሙን፣ የተዋጠ ድምፅ ካለ እሱን፣ ትንፋሹ የወደቀበትን ቃል፣ ቤቱን፣ የተገለበጠ ቃል ካለ እሱን ጻፉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ቤት የመታው ቃል ስለማን ነው የሚናገረው? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

እኔ ስጠይቀው የሆነው ይሄ ነው። «ቸው» በአማርኛ ሁለት ሥራ አላት። ለብዙ ሰውም ትሆናለች፣ ለአንቱታም ትሆናለች። አንደኛው ስንኝ ላይ «ሞተው አገኟቸው» የሚለው ንጉሡን ነው፣ በአንቱታ። ሁለተኛው ላይ «በእጃቸው» የእንግሊዞቹ እጅ ነው። ሦስተኛው «አገራቸው» የእንግሊዞቹ አገር። አራተኛው ላይ «ተንኮለኛ ናቸው» የተባሉት ደግሞ፣ እኔ እንደማነበው፣ ለወሬ ያልተመቹት ንጉሡ ናቸው። «ለእንግሊዞቹ ነው» የሚል ቢመጣ ሰዋስው አይከለክለውም። ሦስተኛው «ምን አሉ» ብሎ ስለጠየቀ ግን አራተኛው የእንግሊዞቹ መልስ ነው ብዬ እይዛለሁ። ጠላትም «አንቱ» ሲላቸው መሆኑ ነው።

እንዲህ ከሆነ ዳርና ዳር ንጉሡ፣ መሐል እንግሊዞቹ ቆመዋል። ያለ እርዳታ ስድስት በስድስት የመጡት ስንኞች የትኞቹ ነበሩ? አንደኛውና አራተኛው። ድምፅ የተዋጠባቸው፣ ቃል የተገለበጠባቸው? ሁለተኛውና ሦስተኛው። የንጉሡ ስንኞች ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ የእንግሊዞቹ ይተጣጠፋሉ። ታስቦበት ነው ብዬ አልምልም፣ ድንገት ሊሆን ይችላል። አንቱታውን አንሱትና «ሞቶ አገኙት» በሉ፤ ቤቱ እዚያው ይፈርሳል።